የወረቀቷ መንኮራኩርና የጀበናው ጠበቆች

ባህል ከሕዝብ ኑሮ ይወለዳል የሚለውን አባባል የማይቀበል የጥበብ ሰው በመካከላችን አለ ብዬ አላምንም። ችግሩ ይህን የመሰለ እውነት በእጃቸው ከገባ በኋላ ኑሮውን ረስተው አባባሉን ብቻ እንደ ማኅተም ይዘው የሚዞሩ ሰዎች መብዛታቸው ነው። ጀበና ከሆነ ማኅተሙ ይመታል፤ መሶብ ከሆነ ይመታል፤ ጎጆ ከሆነም ይመታል። የቀረው ሁሉ «ከእኛ ባህል ጋር ግንኙነት የሌለው» ተብሎ ከበር ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ከበር ስለ ተመለሰች አንዲት የወረቀት መንኮራኩር ነው። ከመለሷት ሦስት ዳኞች አንዱ ይህ ጸሐፊ ስለ ነበረ፣ ክርክሩ ከሌላ ሰው ጋር ብቻ ነው ብሎ አንባቢ እንዳያስብ አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

ነገሩ የሆነው በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር፣ በዋሂል ነው። ዋሂል ማሽላ የሚዘራባት፣ ፍየል የሚረባባት፣ ዝናብ ሲዘገይ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንጋጦ ሰማይ የሚያይባት አገር ናት። ከገጠር ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች የእጅ ሥራ ተመርጦ ከተማ ላይ ለሚዘጋጅ ትርኢት ይቀርብ ዘንድ ሦስት ሰዎች ተልከን ነበር፤ አንዱ የቢሮ ሰው፣ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ እኔ። በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ዴስኮች ተገጣጥመው ጨርቅ ለብሰዋል። በላያቸው የሸክላ ጀበናዎች፣ የተሰፉ ሰፌዶች፣ ከእንጨት የተፈለፈሉ ማንኪያዎች፣ ከጭራሮ የቆሙ ትናንሽ ጎጆዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። በመጨረሻው ዴስክ ጥግ ላይ ግን አንድ ክንድ የምትረዝም፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ በጭራዋ አራት ክንፍ ያበቀለች ነገር ጎኗን ሰጥታ ተጋድማለች።

አካሏ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በየንብርብሩ ተገልጦ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ያልተቀደደው ተመርጦ ተቆርጧል። መስኮቶቿ የክኒን ማሸጊያ ፕላስቲክ ናቸው። ማጣበቂያዋ የግራር ሙጫ ሲሆን፣ ልጁ ራሱ ከዛፉ ለቅሞ በሞቀ ውኃ ያሟሟው ነው። በጎኗ ላይ በከሰል «ኡርጂ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ነው። መምህሩ እንደ ነገረን፣ መጀመሪያ የተነሡት በስልክ ላይ ካዩት የአንድ የውጭ አገር ፊልም መንኮራኩር ነበር። ልጁ ግን፣ ዕድሜው ከ13 የማይበልጥ ልጅ፣ ከሥዕሉ ጋር ብዙም አልቆየም። ክዳኗን ከፍቶ ሆዷን ሲያሳየን ውስጧ የፍየል በረት ነበር። አምስት የወረቀት ፍየሎች በረድፍ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የደረቀ የማሽላ አገዳ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ተከምሯል። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሠዓሊው ቢጠይቀው፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ወተት ከየት ይመጣል ብሎ መልሶ ጠየቀን።

የቢሮው ሰው ፈገግ አለ። ከዚያም «ይኼ የሆሊውድ ነው፤ እኛ የመጣነው ባህል ልንመርጥ ነው» አለና መንኮራኩሯን አንሥቶ ከዴስኩ ሥር አኖራት። ሲያኖራት አፍንጫዋ ከወለሉ ጋር ተጋጭቶ ተጨራመተ። ሠዓሊው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሰዓቴ አየሁ። መኪናው እየጠበቀን ነበር፤ ምሳም ከተማ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ጀበና፣ ሁለት ሰፌድና አንድ ጎጆ መመረጣቸው ሰፍሮ ሦስታችንም ፈረምን። የተመረጠችው ጀበና በዋዜማው ከከተማ ገበያ ተገዝታ የመጣች መሆኗን የሰማሁት መኪናው ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነው።

ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ እናገራለሁ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ፊርማዬ እስካለ ድረስ ጉዳዩ አልተዘጋም።

የጀበናው ጠበቆች ሦስት ክርክር አላቸው። የመጀመሪያው መንኮራኩር ባዕድ ነው የሚለው ነው። ይህን ክርክር በሌላ ከተማ የሚያነሣ ሰው ቢያጋጥመኝ በትዕግሥት እሰማው ነበር። በድሬዳዋ ሲነሣ ግን ሰውየው የቆመበትን መሬት አላየም ከማለት በቀር ምን ይባላል? ድሬዳዋ ራሷ ከባሕር ማዶ የመጣች የአንዲት እንግዳ መኪና ልጅ አይደለችምን? ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ወጪውን ስላከበደው መስመሩ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላም ድሬዳዋ ሆነ። እሳት እየበላ፣ ጢስ እየተፋ፣ ያለ በሬና ያለ ፈረስ የሚሮጥ ብረት ለዚያ ዘመን ሰው መንኮራኩር ነበረ። ዛሬ ግን «ለገሃር» የሚለውን ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነውና ከአፋችን እናውጣው የሚል የባህል ጠበቃ አላየሁም። የባቡሩ ጋራዥ ስንቱን ብረት ቀጥቃጭ፣ ስንቱን ሞተር ፈቺና ገጣሚ አፈራ! የባቡሩ ፉጨት ስንት ዘፈን ውስጥ ገባ! ከባዕድ የመጣውን ብረት ሕዝቡ በቋንቋው ጠራው፤ በቀልዱ አገላበጠው፤ በመጨረሻም የራሱ አደረገው። ኡርጂም ይህንኑ መንገድ ጀምራ ነበር። ፍየሎቿን ተሳፍራለች፤ ስሟንም ከአገሩ ቋንቋ አግኝታለች።

እንዲያውም ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለ ከባቡሩም እንለፍ። በድሬዳዋ ገጠር በለገ ኦዳ ያለውን የዓለት ሥዕል ያየ ሰው፣ ከብቶችና ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት በቀለም ተሥለው እንደሚታዩ ያውቃል። እነዚያ ላሞች ዛሬ የቅርስ ቅርስ ናቸው። ግን ሠዓሊው ብሩሹን ሲያነሣ፣ ወይም ጣቱን ቀለም ውስጥ ሲነክር፣ ለማዳ ላም ለዚያ ምድር ምናልባት የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነበረች። ዓለቱ ላይ የሠፈረው አያቱ ያወረሱት ብቻ ሳይሆን ዓይኑን የሞላው አዲስ ነገርም ነው ብዬ ብጠረጥር በአርኬዎሎጂ ሊቃውንት ፊት ብዙ የምወቀስ አይመስለኝም። አንድ የቢሮ ሰው በዚያ ዋሻ በር ላይ ማኅተም ይዞ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናሳየው ግድግዳ ባዶ በሆነ ነበር።

በነገራችን ላይ ስለ ጀበናው አንድ ቃል ልበል። ጀበናን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም ይህን የምጽፈው አጠገቤ ጀበና ተጥዶ ነው። በሐረርጌ ገጠር ግን የብዙ ቤት የጠዋት መጠጥ ሆጃ መሆኑን፣ እሱም የራሱ ማፍያና የራሱ ሥርዓት እንዳለው የክፍለ አገሩን ሰው መጠየቅ ይበቃል። ስለዚህ ከገበያ ተገዝታ በዋሂል ስም ወደ ከተማ የሄደችው ጀበና፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ከተሠራችው ፍየል ጫኝ መንኮራኩር ይልቅ የዋሂልን ኑሮ ትወክላለች የሚለን ሰው ካለ ማስረጃውን ያቅርብ።

ሁለተኛው ክርክር የተከበረ ክርክር ነው። «ልጁ ጫማ የለውም፤ ትምህርት ቤቱ ውኃ የለውም፤ እናንተ ስለ ጠፈር ታወራላችሁ» ይላል። ይህን የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም፤ የድርቅን ዓመት በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ቢሆንም ድርቅን የሚፈራ ሰው ነው ሰማይን መመርመር ያለበት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና፣ ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ወደ ሕዋ ልካለች። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች የተሳተፉባት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የተሠራችው ለጨረቃ ጉብኝት አልነበረም፤ የእርሻን፣ የደንን፣ የውኃንና የአየር ንብረትን ሁኔታ ከላይ ሆና ፎቶ ግራፍ እንድታነሣ ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ ከ10 ኪሎ ግራም በታች የሆነች ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለቻት። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት በመሥራቾቹ የሳቀ ብዙ ነበር። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች እስኪተከሉ ድረስም ሳቁ አላባራም። የሚሥቀው ሰው ሁልጊዜ የሚያነሣው ይህንኑ የጫማ ክርክር ነበር።

ኪታው እጅጉን የሚያስታውሱ አንባቢዎች አሉ። ቦንጋ ተወልዶ፣ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ አልፎ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ተምሮ የጠፈር መንኮራኩር መሐንዲስ ለመሆን የበቃ ሰው ነው፤ በ1998 ዓ.ም. አረፈ። እሱ በልጅነቱ ምን እንደ ተጫወተ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬም ተረት አልፈጥርም። የማውቀው፣ ከካፋ ጫካ ተነሥቶ ስለ ሕዋ ያሰበውን ልጅ ማንም «ይህ ያንተ ባህል አይደለም» ብሎ ከዴስክ ሥር አለማኖሩን ነው። አኑሮትም ከሆነ ልጁ አልሰማውም።

ደግሞስ የኡርጂ ዋጋ ስንት ነው? ከረጢቱ ከግንባታ ቦታ የተጣለ ነው። ሙጫው ከግራር ነው። መቀሱ የመምህሩ ነው። የጫማ ክርክር የሚያነሡ ሰዎች ለትርኢቱ አዳራሽ ማስጌጫ የወጣውን ሒሳብ ቢያነሡ ኖሮ አብሬያቸው በጮህሁ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክርክር ልለፍ። ይህኛው የሚያበሳጨኝ ነው፤ ምክንያቱም ከራሳችን ከከያኒዎቹ አፍ የሚወጣ ነው። «ቢሆንስ፣ የወረቀት ሞዴል ጥበብ ነውን? ንድፍ ተከትሎ መቁረጥና ማጣበቅ የሕፃን ጨዋታ ነው» ይላሉ። ይህን የሚለው ሰው መቀስ ይዞ አያውቅም ማለት ነው።

ወረቀት ሰነፍ አይወድም። የወረቀት ሞዴል ሠሪ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ክብ፣ ድቡልቡልና ሹል የሆነውን ነገር ሁሉ በአእምሮው ተርትሮ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። የመንኮራኩሯ አካል ቀላል ነው፤ አራት ማዕዘን ወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል። አፍንጫዋ ግን ሾጣጣ ነው። ከጫፉ እስከ ግርጌው በጎኑ ሲለካ 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የግርጌው ክብ ሬዲየስ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ለማውጣት፣ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ከሆነ ክብ ወረቀት ላይ ስንት ዲግሪ ይቆረጥ? 3ን ለ12 አካፍሎ በ360 ማባዛት ነው፤ 90 ዲግሪ፣ ማለት የክቡ ሩብ። አፍንጫው ዶልዱሞ እንዲወፍር ከተፈለገ ቁራጩ ይሰፋል፤ ቀጥኖ እንዲሾል ከተፈለገ ይጠባል። የዋሂሉ ልጅ ይህን በኮምፓስ ፋንታ በክርና በምስማር ሠርቶታል። ድቡልቡል ነገር ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ይከፋል፤ ኳስን ሳይቀዱና ሳያጨማድዱ ከጠፍጣፋ ወረቀት ማውጣት ከቶ አይቻልም። ይህን ጋውስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አረጋግጦታል፤ ብርቱካን የላጠ ሁሉ ደግሞ በጣቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ኳሱን እንደ ብርቱካን ልጣጭ በቀጫጭን ሰበዝ ከፋፍሎ፣ ጫፍና ጫፋቸውን እያገናኘ፣ ከኳስ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያወጣል። የልጁ የዋሂል ጎረቤት ሰፌድ ስትሰፋ ከመሐል ጀምራ እየዞረች የምትፈታውን ችግር ልጁ ከዳር ጀምሮ በመቀስ ይፈታዋል። ሁለቱ አንድ ጥያቄ ላይ ናቸው። አንዷ ተመርጣ አንዱ መመለሱ ይህን ካለመረዳት የመጣ ነው።

ገና ብዙ አለ። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ ጭረቱ በሄደበት በኩል በቀላሉ ይጠቀለላል፣ በአንጻሩ ሲጠቀልሉት ይሰበራል። ይህን ለማወቅ ትንሽ ቁራጭ አርጥቦ ወዴት እንደሚጠቀለል ማየት ይበቃል። እጥፋቱ ቀጥ እንዲል በቢላዋ ደንደስ በማስመሪያ ተስቦ መታሰር አለበት። በየጠርዙ ለማጣበቂያ የሚሆን ጥርስ ይተዋል። ሙጫው ከቀጠነ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ ከወፈረ መገጣጠሚያው ያብጣል። አንድ ሚሊ ሜትር መጀመሪያ ላይ የተሳተ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ክንፉ ጠማማ ይሆናል፤ ያኔ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ሥነ ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ሥርዓት ባያውቀው ይገርመኛል። ቤት ለመምታት ሲሉ ስንኙን ማጣመም ምን እንደሆነ እናውቃለንና።

የቲያትር ሰውስ? እኔ የመድረክ ዝግጅት ስብሰባ ላይ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ገና አንድ ጣውላ ሳይመታ፣ ዲዛይነሩ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ከካርቶን የተቆረጠ ትንሽ መድረክ ነው። ግድግዳው ካርቶን፣ ደረጃው ካርቶን፣ ንጉሡ የሚቆምበት ሰገነት ካርቶን። አዘጋጁ ጎንበስ ብሎ በዚያች ትንሽ በር ውስጥ አሻግሮ ሲያይ ተዋናዮቹ ሲገቡና ሲወጡ ይታዩታል። ይህን ጥበብ ብለን ስንከፍልበት ኖረናል። የዋሂሉ ልጅ ደግሞ ወደዚያች መድረክ ፍየል አስገባ።

ታሪክም ከወረቀቱ ጎን ናት። ሜሊዬስ የተባለው ፈረንሳዊ ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጉዞ በፊልም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። የእሱ ጨረቃ የተቀባ ሸራና ካርቶን ነበረች፤ መንኮራኩሩም ዓይኗ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። በካሉጋ የሚኖረው ጽዮልኮቭስኪ በልጅነቱ በሕመም ጆሮው የደነቆረ የሒሳብ መምህር ነበር። የዡል ቬርንን ልብ ወለዶች አነበበ፤ ከወረቀት በራሪ ነገሮችን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ጨረቃ የራሱን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1903 ደግሞ ሮኬት ከምድር ስበት ሊወጣ የሚችልበትን ስሌት ለዓለም አቀረበ። የክፍለ አገር መምህር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በመጨረሻ ዕድሜውም አንድ የሶቪየት የጠፈር ፊልም ሲሠራ የመንኮራኩሩን ሥዕል እየሣለ ያማክር ነበር፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲወጣ እሱ አርፏል። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1929 ፍሪትስ ላንግ ስለ ጨረቃ ጉዞ ፊልም ሲሠራ አማካሪው የሮኬት ሊቁ ኦበርት ነበር። ሮኬት ከመተኮሱ በፊት ቁጥርን ወደ ኋላ መቁጠር ዓለም የለመደው ከዚያ ፊልም መሆኑ ይነገራል፤ ዲሬክተሩ ይህን ያደረገው ተመልካቹን ለማስጨነቅ ነበር። የተውኔት ብልሃት ነበረ ማለት ነው፤ የእኛው ሙያ።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የመጀመሪያዋን መንኮራኩር አውሮፕላናቸውን «ኮንስቲቲዩሽን» ሊሏት አስበው ሳለ፣ የአንድ የጠፈር ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ወዳጆች በጻፉት የደብዳቤ ጎርፍ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊልሙ መርከብ ስም «ኤንተርፕራይዝ» ብለው ሰየሟት። (እሷ ለማረፊያ ሙከራ ብቻ ውላ ሕዋ ሳትደርስ ቀርታለች፤ ስም ብቻውን አያበርርም።) ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የጃፓኑ ሚውራ ነው። ይህ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ወረቀት በማጠፍ አንድ ብልሃት አወጣ፤ ሰፊ ገበታ ጥግና ጥጉ ተይዞ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚዘረጋበት፣ ሲገፋ የሚታጠፍበት እጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአንዲት የጃፓን ሳተላይት ላይ ገበታው በዚህ እጥፋት ታጥፎ ሕዋ ላይ ተዘረጋ። የወረቀት ጨዋታ ነው የሚለውን ሰው እዚህ ላይ ዝም ማሰኘት ይቻላል።

እንግዲህ የዋሂሉን መምህርና ልጁን ብቻ አሞግሼ ልጨርስ አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆች ከስልክ ላይ አይተው የሚቆርጧቸው መንኮራኩሮች አብዛኞቹ የጦር መርከቦች ናቸው፤ ከነመድፋቸው ይገለበጣሉ። መምህሩ በዚህ ላይ ዝም ማለት የለበትም። ሞዴሉን ለመልመድ መገልበጥ ክፋት የለውም፤ ንባብም የሚጀመረው በሌላ ሰው ፊደል ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ማን ይሳፈርባታል? ምን ትጭናለች? ለምን ትሄዳለች?» ብሎ መጠየቅ የመምህር ድርሻ ነው። በዋሂል ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ ስለ ጠየቀ መምህሩ ዕድለኛ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም።

ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ጸሐፊዎቹም ይመጣል። በ2007 ዓ.ም. «ክራምብስ» የተባለ በአማርኛ የሚናገር ፊልም ወጥቶ ነበር። ዓለም ከጠፋች በኋላ፣ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለረጅም ዘመን ተንጠልጥላ የኖረች መንኮራኩር መንቀሳቀስ ትጀምራለች፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰውም እሷን ተስፋ አድርጎ መንገድ ይወጣል። በዚያ ዓለም ሰዎች የኛን ዘመን ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ክታብ፣ እንደ ውድ ቅርስ ይይዙታል። ፊልሙን የሠራው ሚጌል ያንሶ የተባለ እስፓኛዊ ነው። እስፓኛዊ በመሆኑ ቅሬታ የለኝም፤ ሥራውንም ወድጄዋለሁ። ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። በሰማያችን ላይ መንኮራኩር ለማየት ከማድሪድ ሰው መምጣት ነበረበትን? ይህ ጸሐፊ እስካሁን በጻፋቸው ተውኔቶች ውስጥ ነገሥታት አሉ፣ ሽፍቶች አሉ፣ ጠጅ ቤትና ፍርድ ቤት አለ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እንኳ የለችም። ፊልሙ ያፌዘበት ነገር፣ ትናንት የተጣለውን ዕቃ ታቦት አድርጎ መያዝ፣ ከጀበናው ጠበቆች ሥራ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ሳስብ ደግሞ ሣቅ አይመጣልኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው፤ ለባህል ካድሬውም፣ ለመምህሩም፣ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ነው የማቀርበው። ለተማሪዎች የእጅ ሥራ ምርጫ የሚወጣው መመሪያ የዕቃ ዝርዝር መሆኑ ይቅር፤ ልጁ ዕቃውን በገዛ እጁ ሠርቶታል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቅደም። ይህ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ በዋሂል ጀበናዋ ወድቃ ኡርጂ ባለፈች ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጆች ደግሞ በየሦስት ወሩ መካከለኛውን ገጽ ይልቀቁልን። በፖላንድ «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለ መጽሔት ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ ተቆርጠው የሚጣበቁ የወረቀት ሞዴሎችን እያተመ ትውልድ አሳድጓል፤ ያውም ያን ጊዜ በዚያ አገር ወረቀት የተትረፈረፈ አልነበረም። እኛ አንድ ወፈር ያለ ገጽ ላይ፣ ንድፉን የኛ ሠዓሊ ሥሎት፣ የቆረጣውን ቅደም ተከተል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አድርገን ማተም ያቅተናልን? በዚያ ገጽ ላይ የሚወጣውን ግጥም የሚያጣ አንባቢ ካለ የኔን ይጣሉለት፤ ፈቅጃለሁ።

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። በጀት የለም ይሉኛል፤ ገጽ የለም ይሉኛል፤ ምናልባትም «ደራሲው ወደ ልጅነቱ ተመለሰ» ብለው ይስቁብኛል። መልሳቸውን በጽሑፍ ይስጡኝ እንጂ ከዴስክ ሥር አያኑሩኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ወደ ዋሂል ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጁ ከፍየሎቹ ጋር ወጥቶ ስለ ነበር እስኪመለስ ጠበቅሁ። ይቅርታ ስጠይቀው ምን እንዳጠፋሁ በቅጡ የገባው አልመሰለኝም፤ ዴስኩ ሥር ያኖራት ሌላ ሰው ነበርና። ኡርጂን ወስጄ አፍንጫዋን እንዳድስለት ስጠይቀው ግን ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ ለመስቀል ትመለስ ብሎ ሰጠኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ፍየሎቿ አምስቱም ደኅና ናቸው። የሲሚንቶ ከረጢት አግኝቻለሁ፤ ሙጫውንም ገበያ ገዝቼ አሟሙቻለሁ። ሾጣጣውን ሁለት ጊዜ ቆርጬ ሁለት ጊዜም ጠበበብኝ። ለማጣበቂያው ጥርስ የሚሆን ቦታ መተው ረስቼ ኖሯል።